ደረቅ ምርቃት

በአሰላ እህል ተራ ገብስ የሚፈተነው በጥርስ ነው። መሣሪያ ጠፍቶ አይደለም፤ ትልልቆቹ መጋዘኖች ቁጥር የሚያወጣ፣ ባትሪ የሚበላ መሣሪያ አላቸው። እህል ተራው ግን እስከ ዛሬ የሚያምነው ጥርስን ነው። ነጋዴዋ እጇን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ትከትና ከሥር ትዘግናለች። ከዘገነችው አንዷን ፍሬ መንጋጋዋ ላይ አድርጋ ትነክሳለች። ቀጭ ካለች ገብሱ ደርቋል። ከተለመጠች እርጥብ ነው፤ ባለቤቱ በታቦት ቢምልም ይዞት ይመለሳል። በዚህ ሥራ ወይዘሮ ዘመናይን የሚያህል አልነበረም። ከኢተያም ከኦጎልቾም የመጡ ገበሬዎች ከደላላ ጋር ሲሟገቱ «ዘመናይ ነክሳዋለች?» ይባላል። ነክሳው ከሆነ ክርክሩ እዚያው ያበቃል።

ዘመናይ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ቅድመ አያቶቿ ከሸዋ መጥተው አርሲ የሰፈሩ ናቸው፤ እሷ ግን ያገባችው የአገሬውን ልጅ ገላናን ነው። ስትቆጣ በአማርኛ፣ ስትዋዋል በኦሮምኛ ነው። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ የምታደርግበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ሸማቹ የትኛውን እንደሚመልስ ግራ ይገባዋል። ገላና ኮምባይነር ነጂ ነበር፤ በመኸር ስንዴውን ተከትሎ ከአርሲ ባሌ፣ ከባሌ አርሲ ሲል ይከርማል። ልጃቸው ለሊሴ ገና በእግሯ ስትውተረተር ገላና ከስቶ፣ ሲስል ከርሞ ሞተ። ሰው «ሳንባ ነው» አለ። ዘመናይም «ሳንባ ነው» አለች። እሷ ግን ከቀብሩ በኋላ ተመርምራ እውነቱን ታውቅ ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው።

ልጅቷንም ያን ጊዜውኑ አስመረመረቻት። ነጻ ነበረች። ዘመናይ የዚያን ዕለት ከጤና ጣቢያው እስከ ቤቷ ድረስ ለሊሴን አዝላ እየሮጠች ነው የሄደችው፤ ለምን እንደሮጠች እሷም አታውቀውም። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት አንዲት እንክብል ትውጣለች። ለሊሴ ነፍስ አውቃ «ምንድን ነው?» ስትላት «የግፊት ነው» አለቻት፤ ነገሩ በዚያው ጸና። እንክብሏም ሥራዋን ሠራች። የኤች አይ ቪ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ከደረሰ ብዙ ዓመት ሆነው። ዘመናይም ወፈረች፤ ነገደች፤ ልጇን አስተምራ ሁሩታ ለመምህርነት አበቃች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእህል ነጋዴ ይህን ተረት ማመን አልነበረባትም፤ ተከድኖ የተቀመጠ ነገር ምን እንደሚሆን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

መስቀል ባለፈ ሰሞን አንድ ቀን ከጆንያ ዘግና ነከሰች። ቀጭ አለ። ግማሹን ፍሬ መዳፏ ላይ ትፍ ስትለው ነጩ ሆዱ ሮዝ ሆኗል። ሌላ ነከሰች፤ እሱም ሮዝ። መዳፏን ጨብጣ ባለገብሱን «ጥሩ ነው፣ አውርደው» አለችውና ከጆንያው ጀርባ ዞራ በጣቷ ድዷን ብትነካው ጣቷ በደም ወጣ። «ያ ነገር ተነሣ» አለች። ለእሷ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር፤ መድኃኒቱ ከድቷታል፣ ገላናን የበላው በሽታ በአፏ በኩል መጥቷል።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው። ጥርሷን ስትቦርሽ ስለሚደማ መቦረሽ ተወች። የወይራ መፋቂያዋንም ጣለችው። ደሙን ካልነካሁት ይተኛል ባይ ናት፤ እሱ ግን ባሰበት። ድዷ አበጠ፣ አፏ ሸተታት፣ ሁለት ጥርሶቿ መነቃነቅ ጀመሩ። በጨው ተጉመጠመጠች፣ ቅርንፉድ ነከሰች፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ መዋል አመጣች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እንደ ልማዷ «ሌላ የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?» ስትላት «ተመስገን፣ ምንም» ብላ መድኃኒቷን ይዛ ወጣች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ዘመናይ ግን መድኃኒቱን በእጇ ይዛ በሽታውን የሸሸገች ጉደኛ ናት።

እህል ተራም መንከስ ተወች። ገብሱን በጥፍሯ ትጫነዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ከዚያ አጠገቧ ያለችውን ነጋዴ «እስቲ አንቺ ንከሺው» ትላታለች። «ምነው እትዬ ዘመናይ፣ ለገብስም ጾም ገባ እንዴ?» እያሉ ሳቁባት። አብራ ሳቀች፤ ከንፈሯን ገጥማ።

ይህ ሁሉ ለብቻዋ ይቀርላት ነበር፤ ሽማግሌ ባይመጣ።

ለሊሴን የጠየቀው ጉቱ የሚባል የሁሩታ የትራክተር መካኒክ ነው። ረጋ ያለ፣ እጁ ከግራሶ የማይጸዳ፣ ለሊሴ ስትናገር አፏን እያየ የሚሰማ ልጅ ነው። ዘመናይ ወደደችው። ጥቅምት ማብቂያ ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ መሪያቸው የጉቱ አጎት ኦቦ ቱፋ ነበሩ፤ ረጅም፣ ድምፃቸው ከደጅ የሚሰማ፣ ነገር አይተው ማለፍ የማያውቁ ሰው። ጉዳዩ አለቀና ልጆቹ ለምርቃት ተንበረከኩ።

በዚያ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ እትፍ እትፍ ይላል፤ ምርቃት ያለ ምራቅ ወሬ ነው። ኦቦ ቱፋ በሁለት ቋንቋ አወረዱት። «ሆራ ቡላ! ውለዱ ክበዱ! የረገጣችሁት ይለምልም!» አሉና እትፍ እትፍ ሲሉ የጉቱ ግንባር ረጠበ። ተራው የእናት ሆነ። ዘመናይ ልጇ ፊት ቆመች። ምላሷ ላይ የደሙ ጨው ጨው የሚል ጣዕም ነበር። ለሊሴ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ላይ ሰጥታለች። ዘመናይ «ተባረኩ» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጎተተች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች። እትፍ አላለችም።

«ኤባ በደረቁ?» አሉ ኦቦ ቱፋ። «ምርቃት ማለቴ ነው፤ በደረቅ ከንፈር? ይሄን ያህል ዘመን ስኖር እናት ልጇን እንዲህ ስትመርቅ አላየሁም።»

«ጉሮሮዬን አሞኝ ነው ኦቦ ቱፋ።»

«ለመናገር ነው እንጂ እትፍ ለማለትም ጉሮሮ ይታመማል እንዴ?»

ሰው እንደ መሳቅ አለ። ለሊሴ አልሳቀችም። ዓይኗን ገልጣ እናቷን ስታያት ቆየችና ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች።

እንግዶቹ ሲሄዱ ለሊሴ ወደ እናቷ መጣች። «እማዬ፣ ጉቱን ካልወደድሽው ለምን ፊት አልነገርሽኝም?»

«ማን አልወደድኩትም አለሽ?»

«ፊትሽን ግድግዳ ላይ አዞርሽ። እኔን ለመመረቅ ፊትሽን ግድግዳ ላይ አዞርሽ! ኦሮሞ ስለሆነ ነው እንዳልል የእኔም አባት ኦሮሞ ነው። ምን አደረገሽ?»

«ጉሮሮዬን ነው አልኩሽ እኮ።»

«እሺ። ሠርጉ ጥር ላይ ነው፤ እስከዚያ ጉሮሮሽ ይድናል። በሠርጌ ቀን እንዲህ ብታደርጊኝ ግን ከዚህ ቤት አልወጣም። ያለ እናቴ ምርቃት አላገባም፤ ሠርጉም ይቅር።»

ለሊሴ ዋዛ አትናገርም፤ በዚህ አባቷን ናት። ዘመናይ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍም ምግብም አልበጃትም። ቁጭ ትላለች፣ ትነሣለች፣ በር ድረስ ሄዳ ለምን እንደወጣች ጠፍቶባት ትመለሳለች። ገብስ እየሰፈረች «እተፋባታለሁ፣ አልተፋባትም» ትላለች። ብትተፋባት፣ ሕፃን ሳለች የተረፈችውን ልጅ አሁን በገዛ አፏ የምትገድላት መሰላት። ባትተፋባት ልጅቷ ሳታገባ ልትቀር ነው። እውነቱን ብትነግራት ደግሞ ወሬው ሁሩታ ይደርሳል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኦቦ ቱፋ ያን ድምፃቸውን ይዘው በዚህ ወሬ ላይ ሲሰየሙ ይታያታል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ጉንጯ አበጠና ነገሩ ከእሷ ፈቃድ ውጪ ሆነ። ጎረቤት የጠቆማት ጥርስ ሕክምና ቤት ሄደች። ሐኪሙ ሰኢድ የሚባል ወጣት ነው፤ ትሑት፣ የአሰላ ልጅ። ዘመናይን ወንበሩ ላይ አጋድሞ አንገቷ ላይ የወረቀት መሃረብ አሰረላትና «የሚወስዱት መድኃኒት አለ? የስኳር፣ የግፊት፣ ሌላም ካለ?» አላት።

«ምንም የለም» አለች። ቤት ለልጇ የፈጠረችውን ግፊት እንኳ እዚህ ረሳችው።

ሰኢድ ጓንቱን አጥልቆ ቀጭን ብረት አነሣ። «አፍዎን ይክፈቱልኝ።»

ዘመናይ አፏን አልከፈተችም። ከላይዋ ያጎነበሰውን ልጅ አየችው። የሰው ልጅ ነው፤ ቤት የምትጠብቀው እናት ትኖረው ይሆናል። ያ ብረት ቢስተው፣ እጁን ቢወጋው? ከእሷ ቀጥሎ እዚያ ወንበር ላይ የሚተኛውስ? ለገላና ዕድሜ የቆረጠውን ነገር ለማንም ሳትናገር በየሰው እጅ ልታዞረው ነው? «ይቅርብኝ» ብላ ብድግ አለችና ወጣች። አስፋልቱ ጋ ደርሳ ባጃጅ አስቆመች። ነጂው አንገቷን እያየ «እማማ፣ ምሳ አቋርጠው ነው የወጡት?» አላት። ብታየው የወረቀቱ መሃረብ አልተፈታም። እዚያው መንገድ ላይ ሳቋ መጣ፣ ቀጥሎ ልቅሶዋ መጣ። ባጃጁን ትታ ተመለሰች።

ሰኢድ ብረቱን እንደያዘ ቆሟል።

«ዋሸሁህ ልጄ» አለችው። «ቫይረሱ አለብኝ። ብዙ ዘመኔ ነው። መድኃኒት ላይ ነኝ።»

ከጤና ጣቢያው ውጪ ይህን ቃል ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ሰማይ የሚደፋ መስሏት ነበር። ሰኢድ ግን ወንበሩን መለስ አደረገላት።

«ይቀመጡ እናቴ። ጓንት የማጠልቀው ለሁሉም ነው፤ መሣሪያም ከተህዋስ የማጸዳው ለሁሉም ነው። የነገሩኝ ለእኔ ሳይሆን ለእርስዎ ነው የሚጠቅመው።»

«ተነሣብኝ አይደል? በአፌ መጣብኝ።»

«መጀመሪያ ልየው።» አየው፤ ብዙ አየው። «ይህ የድድ ሕመም ነው። ድዱ የሚደማው ሁሉ ቫይረሱ አለበት ማለት አይደለም፤ እዚህ ከሚመጡት አብዛኞቹ የለባቸውም። ነገር ግን ቫይረሱ ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ሊቆጣ ይችላል፤ ሰውነቱ ከአፍ ጀርም ጋር የሚታገልበት አቅም ሲቀንስ ሕመሙ ሊበረታ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ነገር እናደርጋለን። እኔ ጥርስዎን አጥባለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄደው ይህንኑ ይናገሩና የቫይረስ መጠንዎን ይለካሉ። ለመሆኑ ይቦርሻሉ?»

«ስለሚደማ ተውኩት።»

«እሱ ነው ያባሰው» አለ ሰኢድ። «የሚደማ ድድ ነው ይበልጥ መቦረሽ የሚፈልገው፤ በለስላሳ ብሩሽ፣ በቀስታ።»

ዘመናይ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሲያስጨንቃት የከረመውን ነገር ጠየቀችው፤ ጉንጯን ረስታው ነበር። «ልጄን ብመርቃት? እትፍ ብዬ? ደም ቢኖርበትስ?»

ሰኢድ አልሳቀም፤ የእሱም አያት እትፍ እያሉ ነው ያሳደጉት። «ምራቅ ቫይረሱን አያስተላልፍም። መድኃኒትዎን በደንብ ወስደው በደምዎ የማይታይ ከሆነ ደግሞ፣ ትንሽ ደም ቢቀላቀልበትም ጤነኛ ቆዳ ላይ ያረፈ ምራቅ ልጅዎን አይጎዳም።»

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ተቆጣቻት። «በመጡ ቁጥር ስጠይቅዎት አልነበረም?» አለች። ደሟን ወሰደች፣ መልሱ እስኪመጣ ግን ታኅሣሥ ተጋመሰ። ዘመናይ በእነዚያ ሳምንታት ወደ እህል ተራ ስትሄድ ጤና ጣቢያው ባለበት በኩል መዞር አበዛች። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ለእግሬ ብዬ ነው ትላለች። መልሱ መጣ፤ ቫይረሱ እንደ ወትሮው አይታይም። መድኃኒቱ አልከዳትም ነበር። የከዳችው እሷ ናት፤ ጥርሷን። ሰኢድ እያመላለሰ አጠበላት፤ እብጠቱ ሟሸሸ፣ ሽታው ጠፋ፣ ከሚነቃነቁት አንዱ ተነቀለ፣ አንዱ ተረፈ። ድዷ ግን አልፎ አልፎ ገና ይደማ ነበር፤ ጊዜ ይፈልጋል ብሏታል።

እንግዲህ ጭንቀቷ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። እውቀቱ ተገኘ፤ አይተላለፍም ተባለ፤ ደረትን ነፍቶ እትፍ ብሎ መመረቅ ነው። የዘመናይ ነገር ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ራሷ አምኗል፣ ሆዷ አላመነም። ደግሞ ሌላ ነገር መጣባት፤ በዚህ አፍ ውስጥ ምን እንዳለ የማታውቅን ልጅ፣ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን የሰጠችን ልጅ፣ ደብቄ እንዴት እተፋባታለሁ አለች። አይጎዳት ይሆናል። መስረቅ ግን ነው። ዛሬ ልንገራት ትልና ለሊሴ ስለ ቬሎ ስታወራ ያልፋል። ነገ ትላለች፣ ነገ ድንኳን የሚተክሉ ይመጣሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጥር ገባ።

የሠርጉ ጧት ደጁ በመኪና ጡሩምባ ተናወጠ። ሚዜዎቹ በሩ ላይ ዘፈን ይዘዋል፤ ኦቦ ቱፋ ከዘራቸውን ተደግፈው ድንኳኑ መሐል ቆመዋል። ሙሽራ ተሞሽራ ወጣች፤ እናቷ ፊት ልትንበረከክ ቬሎዋን ሰብሰብ ስታደርግ ዘመናይ እጇን ያዘችና ወደ ጓዳ ጎተተቻት። በሩን ዘጋች። ለሊሴ ፊቷ ጠቆረ።

«ደግሞ ጉሮሮሽ ነው?»

«የግፊት አይደለም» አለች ዘመናይ።

«ምኑ?»

«ጧት ጧት የምውጠው። የግፊት አይደለም። ኤች አይ ቪ ነው። አባትሽም በሱ ነው የሞተው። አንቺ ነጻ ነሽ፤ ያኔውኑ አስመርምሬሻለሁ፤ አንቺ ነጻ ነሽ።» ሁለተኛውን ስትል የልጇን እጅ አጥብቃ ያዘች። «ድዴ ይደማ ነበር። ያን ቀን አፌ ደም ነበር። ደሜን ልተፋብሽ ነው ብዬ ፈራሁ። ጉቱን አይደለም፤ ጉቱን እወደዋለሁ።»

ለሊሴ ግድግዳውን ተደገፈች። ውጪ ዘፈኑ ጨምሯል። ስታለቅስ ኩሏ ወረደ፤ ግድም አልሰጣት።

«ስንት ዓመት ነው?»

«አንቺ ሕፃን ከነበርሽበት ጀምሮ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ብቻሽን?» ቁጣ ነበር የያዛት፤ የእናቷን ትከሻ ይዛ ነቀነቀቻት። «ሦስት ወር ሙሉ እናቴ አልወደደችልኝም እያልኩ ሳለቅስ አጠገቤ ሆነሽ ዝም አልሽ! እኔ ላንቺ ማነኝ? ጎረቤት ነኝ?»

ለሊሴ ፊቷን በእጇ አበሰች። «አሁንስ ይደማል?»

«አልፎ አልፎ። ዛሬ ጧት ስቦርሽ ትንሽ ነበር።»

«ሐኪም ምን አለ?»

«አይጎዳትም አለኝ። ነርሷም እንደዚያው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እሺ እንድትዪኝ ነው።»

ለሊሴ ቬሎዋን ሳትሰበስብ የጓዳው መሬት ላይ፣ በሽንኩርት ልጣጩ መሐል ተንበረከከች። በዚህ ጊዜ ዓይኗን አልጨፈነችም። ገልጣ እናቷን እያየች ፊቷን ሰጠች።

«እሺ» አለች።

ዘመናይ «እሾህ አይውጋሽ፣ እንቅፋት አይምታሽ» ብላ ጀመረች፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጠፋባት። «ያቀፍሽው ይባረክልሽ፣ ቤትሽ ይሙላ፣ የምትደብቂው ነገር አይኑርሽ» አለች፤ የመጨረሻው በምርቃት ውስጥ የሌለ ነው፣ ከራሷ አወጣችው። እትፍ አለች። የከበደ፣ የጸና እትፍታ ነበር፤ የለሊሴ ግንባር፣ ጉንጭና የቬሎዋ ደረት ረጠበ።

በሩ በከዘራ ተንኳኳ። «ሙሽራዬ!» አሉ ኦቦ ቱፋ በዚያ ድምፃቸው። «የሁሩታ መንገድ ሩቅ ነው፤ ጸሐይ መጣችብን። አልጨረሳችሁም ወይ?»

ለሊሴ ከተንበረከከችበት ሳትነሣ፣ ዓይኗን ከእናቷ ሳትነቅል መለሰችላቸው።

«አልጨረስንም አባባ። ትንሽ ይጠብቁን፤ ጥቅምት ላይ የቀረኝን ደግሞ ትስጠኝ።»